የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ ቁጥሮች ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ እንዲጠቅሙ

የመዝገቡ (ሆስፒታሎች የእያንዳንዱን የመገጣጠሚያ ቅየራ መረጃ የሚልኩበት የጋራ መዝገብ) ሪፖርት እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው የሆስፒታላችሁ ደረጃ ሳይሆን የላካችሁት መረጃ ሙሉነት ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት የቀዶ ሕክምና ክፍል ደብተር አውጡና የዳሌና የጉልበት ቅየራዎችን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ለመዝገቡ ከተላከው ጋር አስተያዩ። በብዛት የሚጎድለው ድጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም የተቀየረውን መገጣጠሚያ እንደገና ከፍቶ መሥራት ነው፤ በድንገት፣ አንዳንዴም በሌሊት ስለሚሠራ ቅጹን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። እሱ ሲጎድል ሆስፒታሉ ያለ አግባብ ጥሩ መስሎ ይታያል። ቀኝና ግራን ማምታታትም ያው ነው፦ የመጀመሪያው ቅየራ "ግራ"፣ ድጋሚው "ቀኝ" ተብሎ ከተመዘገበ ሁለቱ አይገናኙም።

ከሰው ሠራሽ መገጣጠሚያው ማሸጊያ ጋር የሚመጡት ስቲከሮች የካታሎግና የሎት (የምርት ዙር) ቁጥር አላቸው። በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቅጹ ላይ ይለጠፉ። አንድ ምርት እንዲሰበሰብ ከታዘዘ የተገጠመላቸውን ሰዎች በቶሎ ማግኘት የሚቻለው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ኤኤስአር የተባለው፣ ብረት በብረት ላይ የሚንቀሳቀሰው የዳሌ መገጣጠሚያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም ገበያ ከመሰብሰቡ በፊት ችግሩን ያሳየው የአውስትራሊያ መዝገብ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በዕድሜ፣ በጾታና በሕመሙ ዓይነት ተስተካክሎ ከእናንተ የሚጠበቀው 4 ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ቢሆንና 7 ቢታይ አትደንግጡ፤ ምንም ጥፋት ሳይኖር እንኳ ከ9 ተመሳሳይ ሆስፒታሎች በአንዱ ላይ ይህን ያህል ወይም ከዚያ በላይ በአጋጣሚ ይታያል። 7ቱን ፋይሎች ግን ከነራጅዎቻቸው አውጥታችሁ ምክንያቱንና ጊዜውን ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት የሚመጡት በአብዛኛው ኢንፌክሽን፣ መውለቅና ስብራት ናቸው፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ የሰው ሠራሽ መገጣጠሚያው መላላትና በአገልግሎት ብዛት መበላት ይበዛሉ።

ለምሳሌ ከ7ቱ አራቱ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ቢሆኑ፣ ሁሉም ያለ አጥንት ሲሚንቶ የገባ ዘንግ (ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባው የሰው ሠራሽ ዳሌ ክፍል) ይዘው በወር ጊዜ ውስጥ አጥንታቸው ተሰብሮ ቢመለሱ፣ መንገዱ ግልጽ ነው። በዚህ ዕድሜ በሲሚንቶ የተያዘ ዘንግ ቀደም ብሎ የሚመጣ ስብራትን እንደሚቀንስ የተለያዩ አገሮች መዝገቦች ደጋግመው አሳይተዋል። ያንን የክፍሉ መመሪያ አድርጉት። ውይይቱ ላይ የሐኪሙ ስም ሳይሆን ራጁ ይታይ፤ ሰው ከተፈራ ቀጣዩ ቅጽ ሳይሞላ ይቀራል።

ድጋሚ ያልተሠራለት ሁሉ ድኗል ማለት አይደለም። እያመመው ቤቱ የተቀመጠ ሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ስለዚህ በሽተኛው ስለ ሕመሙና ስለ እንቅስቃሴው ራሱ የሚመልሳቸውን የኦክስፎርድ መጠይቅ 12 ጥያቄዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከ6 ወር በኋላ ጠይቁ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 48 ሲሆን ከፍ ያለው የተሻለ ነው።

ለውጡን የጀመራችሁበትን ቀን መዝግቡ፤ በተቻለ መጠን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። ቀደም ብሎ የሚመጣ ስብራት መቀነሱን በአንድ ዓመት መረጃ መከታተል ይጀመራል፣ መላላት ግን ብዙ ዓመት ይጠይቃል።