ሰው የሚበዛበትን ቤት በእንግሊዝኛ እንዴት እንግለጸው? ለባሕር ዳር አስተናጋጆችና አስጎብኚዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ከእንግዳ ጋር የሚውል ሰው ሁሉ፣ አስተናጋጁም ጀልባ ነጂውም ባጃጅ ሾፌሩም፣ «ቢዚ» የምትለዋን ቃል አያጣትም። ምግብ ቤቱ ሲሞላ ቢዚ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ቢዚ፣ ጀልባው ሰው ሲጭን ቢዚ። ቃሉ ስሕተት የለበትም። እንግዳው ግን ቤቱ መሙላቱን በዓይኑ እያየ ነው፤ ማወቅ የሚፈልገው መሙላቱ ለእሱ ይበጀው እንደሆነ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ ስቀበል ኖሬ፣ አሁን ማታ ማታ ለወጣት አስተናጋጆችና አስጎብኚዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የማስጨብጣቸው ይህንኑ ነው፦ ቃሉን ከመምረጣችሁ በፊት እያመሰገናችሁ ነው ወይስ እያስጠነቀቃችሁ፣ እሱን ለዩ።

በአማርኛማ ሳናስበው እንለየዋለን። ቅዳሜ ገበያው «ደርቷል» ስንል ደስ ብሎን ነው፤ «ተጨናንቋል» ስንል ኪሳችንን እየጠበቅን ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። የደራውን ገበያ «ኤ ባስሊንግ ማርኬት» በሉት፤ እንግዳው ካሜራውን ይዞ ይነሣል። የተጨናነቀውን «ክራውድድ» በሉት፤ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ያዞራል። «ኦቨርክራውድድ» ካላችሁማ ይቅርብኝ ይላል። «ፓክድ» ጢም ብሎ ለሞላ ቤት የሚሆን፣ የወዳጅ ለወዳጅ ቃል ነው። «ዘ ፕሌስ ዋዝ ፓክድ ላስት ናይት» ሲባል ብዙ ጊዜ ጨዋታው ደምቆ ነበር ማለት ነው። ለኢሜይልና ለደብዳቤ ግን አይሆንም፤ እዚያ «ቬሪ ቢዚ» ይበቃል።

«ክራውድድ» ላይ ቆም ልበል፤ ጀልባ ላይ ጉዳት ያመጣል። ወደ ዘጌ የሚሄድ እንግዳ «ዘ ቦት ኢዝ ክራውድድ» ሲባል የሚሰማው ከልክ በላይ ተጭኗል፣ ይገለበጣል የሚለውን ነው። ጀልባ ነጂው ሊለው የፈለገው ግን ወንበሩ ተይዟል፣ ቀጣዩን ጠብቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው «ዚስ ቦት ኢዝ ፉል፤ ዘ ኔክስት ዋን ሊቭስ አት ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። ሰዓቱን ስትናገሩ የእኛን 3 ሰዓት ወደ እነሱ 9 መልሱና ስልካችሁ ላይ አሳዩት። በሰዓት ምክንያት ጀልባ ያመለጠው እንግዳ ቀኑን ሙሉ ይከፋዋል።

«ፉል» ለቤቱም ለጀልባውም ይሆናል፤ ለሰው ግን ሌላ ነው። «ዊ አር ፉል» ብሎ አስተናጋጅ በር ላይ ቢናገር ቦታ የለንም ማለቱ ነው። «አይ አም ፉል» ካለ ግን ጠግቤአለሁ ብሏል። «አይ አም ቢዚ»ም ከአስተናጋጅ አፍ አይውጣ፤ አታስቸግረኝ የሚል ቃና አለው። «አይ ዊል ቢ ዊዝ ዩ ኢን ኤ ሞመንት» በሉ፣ ከዚያ ደግሞ በእውነት ተመለሱ።

እሑድ ምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ያለ አሳ ቤት እናስብ። ቤተሰብ ከነልጆቹ ጠረጴዛውን ሁሉ ይዟል፤ ቆሮሶው ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ ሙሉውን ከነጭራው ይወጣል፤ አዋዜና ሎሚ ይከተለዋል። ሁለት ፈረንጆች ከፀሐይ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። አስተናጋጁ እጁን አወዛውዞ «ኖ ፕሌስ» ቢላቸው ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። እኔ የማስጠናቸው እንዲህ ነው፦ «ሶሪ፣ ዊ አር ፉል ራይት ናው። ሰንዴይ ላንች ኢዝ አወር ቢዚየስት ታይም። ካን ዩ ዌይት አባውት ትዌንቲ ሚኒትስ?» ሦስቱም ዓረፍተ ነገር የየራሱ ሥራ አለው። መጀመሪያው ይቅርታ ይጠይቃል። መካከለኛው ቤቱ የሚወደድ መሆኑን ሳይመካ ይናገራል። መጨረሻው ለእንግዳው የሚወስነው ነገር ይሰጠዋል። የምትነግሩት ደቂቃ እውነተኛ ይሁን፤ 40 ከሆነ 40 በሉ። እንግዳው እሺ ካለ «ኢት ኢዝ ዎርዝ ዘ ዌይት» ብላችሁ ጨምሩለት፤ መጠበቁ አያስቆጭህም እንደ ማለት ነው።

«ፉሊ ቡክድ» ቀድሞ የተያዘ ነገር ሲኖር ብቻ ነው፦ የሆቴል ክፍል፣ የተቀጠረ ጀልባ፣ በስልክ የተያዘ ጠረጴዛ። ማንም ሳያስይዝ ሰው መጥቶ የሞላው አሳ ቤት «ፉሊ ቡክድ» አይባልም። ያለቀ አሳ ደግሞ «ሶልድ አውት» ነው። አሳው ተቸበቸበ ለማለት «ሴልስ ላይክ ሆት ኬክስ» የሚል አባባል አላቸው፤ የሚነገረው ለሚሸጠው ዕቃ እንጂ ለቤቱ አይደለም። በጾም ወቅት የአሳ ፈላጊ ሲበዛ ተማሪዎቼ ይህን መናገር ይወዳሉ። ግን ወደ እኛ ከሚመጣው እንግዳ ብዙው ጣሊያን፣ ጀርመን ወይም ቻይና ነው፤ እንግሊዝኛ ለእሱም የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ስለ ኬክ ሲሰማ ኬክ አለ መሰለው ማለት ነው። ለእሱ «ዊ ዩዥዋሊ ሴል አውት ባይ ቱ ኦክሎክ» ይሻላል፤ የምሳውን ሰዓትም ከወዲሁ ያውቃል።

«ፌመስ»ን ከ«ፖፑላር» መለየት ደግሞ የግድ ነው። ፌመስ ስሙ ሩቅ የተሰማ ነው፤ ፖፑላር ሰው ወዶት የሚመላለስበት ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፌመስ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትም በግድግዳ ሥዕሎቹ ፌመስ ነው፤ «ፌመስ ፎር ኢትስ ዎል ፔይንቲንግስ» ይባላል። ሠፈራችሁ ያለው ቡና ቤት ግን የቱንም ያህል ቢሞላ ፖፑላር ነው። የሚወዱትን ሰዎች ለመጥቀስ «ፖፑላር ዊዝ» በሉ። ሰሌዳ ላይ «ዘ ሞስት ፌመስ ሬስቶራንት» የሚል ጽሑፍ ማንንም አያሳምንም፤ ሁሉም ጽፎታልና። «ፖፑላር ዊዝ ባሕር ዳር ፋሚሊስ» ግን እንግዳን ይስባል። የአገሬው ሰው ልጁን ይዞ የሚበላበትን ቤት ማን ይጠራጠራል? እንግዳው ራሱ «ቱሪስት ትራፕ» ካለ ግን ስድብ መሆኑን እወቁ፤ ቱሪስት የሚበዘበዝበት ቤት ማለቱ ነው። ከመከራከር ዋጋውን የያዘውን ሜኑ ብታሳዩት ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ገዳማቱንና ቤተ ክርስቲያናቱን በንግድ ቤት ቃል አትጥሩ። «ሆት ስፖት» ለጭፈራ ቤት ይሁን፤ «ባስሊንግ»ም ለገበያ። በጥምቀት፣ ጥር 11፣ ታቦታቱ ወጥተው ከተማው በነጭ ልብስ ሲሞላ የሚመጥነው «ላርጅ ክራውድስ ኦፍ ዎርሺፐርስ ጋዘር» ነው። እዚህ ላይ «ክራውድ» ወቀሳ የለበትም፤ ወቀሳ የሚመጣው ቦታውን «ክራውድድ» ስትሉት ነው። በእነሱ አቆጣጠር ቀኑ ጃንዋሪ 19፣ በሠግር ዓመታቸው (ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚሆንበት) ደግሞ 20 መሆኑን አብራችሁ ንገሩ፤ ክፍል ቀደም ብሎ እንዲይዝ «ቡክ ኧርሊ» በሉት።

ከዚሁ ጋር «ሃይ ሲዝን» የእንግዳ ብዛት እንጂ የውኃ ብዛት አይደለም። ጢስ ዓባይ የሚሞላው ክረምቱ ሲያይልና መስከረም ሲጠባ ነው፤ በበጋ ውኃው ይሳሳል፤ ከወንዙ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚጠለፍም አለ። የካቲት ላይ ለመጣ እንግዳ «ሃይ ሲዝን» ብላችሁ ሙሉ ፏፏቴ እንዲጠብቅ አታድርጉት። «ዘ ዎተር ኢዝ ሎው ናው» ብላችሁ ሐቁን ንገሩት፤ ልሂድ ካለ አውቆ ይሂድ።

ስልክ ተይዟል ለማለት «ዘ ላይን ኢዝ ቢዚ» ይበቃል።

ቤቱ ባዶ የሆነ ቀንም ቃል ይፈልጋል። «ቢዝነስ ኢዝ ስሎው» በባለቤቱና በሠራተኛው መካከል የሚቀር ወሬ ነው፤ ለእንግዳ አይነገርም። ለእንግዳ «ኢት ኢዝ ናይስ ኤንድ ክዋየት ቱዴይ» በሉና ሐይቁን የሚያየውን ጠረጴዛ ስጡት፤ እሑድ ቢመጣ አያገኘውም ነበር።