ፍርድ ቤት የማያፈርሰው ኑዛዜ እንዴት ይጻፋል?

ጎጃም ውስጥ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሕመም ሲጠና፣ የንስሐ አባትና ሽማግሌዎች በአልጋው ዙሪያ ተቀምጠው ነው። ወጉ የተከበረ ነው። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቃል ኑዛዜ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። በሁለት ምስክሮች ፊት የተነገረ ቃል የሚጸናው ለቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ሕመምተኛው ተርፎ ሦስት ወር ካለፈው ደግሞ ቃሉ ውድቅ ይሆናል። የወፍጮ ቤት ወይም የደብረ ማርቆስ ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም፤ በጤናዎ ሳሉ ያጽፉ።

መጀመሪያ የራስዎን ይለዩ። በጋብቻ ውስጥ ከተፈራው ሀብት ግማሹ የባለቤትዎ ስለሆነ፣ የሚናዘዙት በድርሻዎ ላይ ብቻ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ከተናዘዙ ሰነዱ ፈራሽ ነው፤ ለየብቻ ይጻፉ። የእርሻ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው። ማን ሊቀበለው እንደሚችል የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ስለሚወስን፣ የይዞታ ደብተሩን ይዘው የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ያነጋግሩ። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ድርሻ ካለዎት መመሥረቻ ጽሑፉ ስለ ሟች ድርሻ ምን እንደሚል ያንብቡ። ዕዳዎን፣ ያልተከፈለ ግብርን ጨምሮ፣ ይዘርዝሩ፤ ከቀብርና ከውርስ ማጣሪያ ወጪ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል፣ ስጦታ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አስተማማኙ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። እርስዎ ወይም ቃልዎን የሚቀበል ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ ከዚያ እርስዎና አራት ምስክሮች አንድ ላይ ባላችሁበት ይነበባል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ መነበቡ ብቻ አይበቃም፣ መነበቡ በራሱ በሰነዱ ውስጥ መጻፍ አለበት። «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ…» የሚል ዐረፍተ ነገር ከቀን፣ ከወርና ከዓመተ ምሕረት ጋር ይግባ፤ ሁሉም እዚያው ወዲያው ይፈርሙ። ምስክር ነገ ይፈርማል ብሎ ማሳደር አደጋ ነው። በየገጹ ይፈረም፤ ስርዝ ድልዝ ካለ ገጹን እንደገና መጻፍ ይሻላል። ስጦታ የሚያገኝ ሰው ምስክርም ጸሐፊም አይሁን፣ ክርክር ይጋብዛል።

ልጅን ስሙን ሳይጠሩ በማለፍ ብቻ ከውርስ መንቀል አይቻልም። ሀብቱን ሁሉ ለአንዱ ልጅ መስጠትም ሌላውን ነቅያለሁ ማለት አይደለም። መንቀል ከፈለጉ በግልጽ «ነቅያለሁ» ብለው ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ ያስፍሩ። ዳኛው ምክንያቱ እውነት መሆኑን ሳይሆን ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ይመዝናል። «አልወደድሁትም» አይበቃም።

በእጅዎ ብቻዎን መጻፍ ከመረጡ ሙሉ በሙሉ በራስዎ እጅ ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጹ፣ ቀን ይጻፉ፣ ይፈርሙ። ምስክር አያስፈልገውም። ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ለውል አዋዋይ በአደራ ካልተሰጠ ይወድቃልና፣ ሣጥን ውስጥ አይተዉት።