ሰንጢ የሚያረጀው ከማጠፊያው ነው

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ግንባታ ላይ፣ በሰንዳፋና በሱሉልታ የከብት ደጅ፣ ወፍራም ሰንጢ ቀኑን ሙሉ ከኪስ ሲወጣና ሲገባ ይውላል። የሲሚንቶ ከረጢት ይከፈትበታል፣ የድርቆሽ ሲባጎ ይበጠስበታል፣ የውኃ ጎማ ይቆረጥበታል። ባለቤቱ የሚጨነቀው ለስለቱ ነው። ስለት ግን ቢደነዝ በሩብ ሰዓት ይሳላል። ሰንጢን ከጥቅም ውጪ የሚያደርገው ማጠፊያው ነው፤ እሱ ከተበላ የሚቀረው ጣት ላይ የሚታጠፍ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ማጠፊያው በምን እንደተያያዘ ነው። በብሎን የታሰረ ሲላላ ይጠብቃል፣ ሲቆሽሽም ተፈቶ ይጸዳል። በሪቬት የተረገጠውን በመዶሻ ማጥበቅ ይቻላል፤ ግን አንዲት ምት ስትበዛ አልከፈት ይላል። ከመቆለፊያ ሁለት የተለመዱ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ከእጀታው ውስጥ ያለች የብረት ምላስ፣ ስለቱ ሲከፈት ከሥሩ ገብታ የምትደግፈው ነው። ሁለተኛው በእጀታው ጀርባ ላይ ተጭኖ የሚለቀቀው ነው። ለጭቃ ሥራ ባለ ምላሱ ይሻላል፤ ቆሻሻው በዓይን ይታያል፣ በስቴኪኒም ይወጣል። በባለ ጀርባው ግን ጥርሱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ የኪስ ብናኝ ይጠቀጠቅና የተቆለፈ መስሎ ሳይቆለፍ ይቀራል። የስለት ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ለማንኛውም ሥራ ይበቃል። ከ4 በላይ የሆነው ለማስፈራራት እንጂ ለመቁረጥ አይመችም፤ ሽንኩርት እንኳ ይሰነጥቃል እንጂ አይከትፍም።

አሁን ወደ ጭቃው። የአቃቂ በኩል መረሬ ርጥብ እያለ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይደነድናል። በስለቱና ማጠፊያው ላይ ከጎኑ ባለችው ቀጭን ቀለበት፣ በሮንዴላው፣ መካከል ከገባ በከፈቱት ቁጥር ሮንዴላውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የሲሚንቶ ብናኝም እንደዚሁ ነው፤ እሱ ደግሞ ርጥበት ካገኘ እዚያው ይጠነክራል። ምልክቱ ጆሮ ላይ ይታወቃል፦ ስለቱ ሲከፈት ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ያሰማል። ያን ጊዜ ዘይት መጨመር ስህተት ነው፤ ዘይቱ አሸዋውን አቡክቶ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። መጀመሪያ መታጠብ አለበት።

ሰንጢው ተከፍቶ ለብ ያለ ውኃና ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቀመጣል። እጀታው የእንጨት ከሆነ አይዘፈዘፍም፤ እንጨቱ ያብጥና ስለቱን አንቆ ይይዘዋል። ከዚያ ማጠፊያው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየታሸ፣ ስለቱ ውኃው ውስጥ እንዳለ ሃያ ጊዜ ያህል ይታጠፋል ይከፈታል። የሚወጣው ውኃ ግራጫ መሆኑን እስኪተው ድረስ ውኃው ይቀየራል። የባሕር ዛፍ ሙጫ ካለበት ሳሙና አይነካውም፤ በአልኮል ወይም በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ያስለቅቀዋል። ተራግፎ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ከቆየ በኋላ በማጠፊያው በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ በሳምንታት ውስጥ ሙጫ ይሆናል። የተረፈው ዘይት በጨርቅ ይጠረጋል፤ በበጋ አቧራ የሚሰበስበው እሱ ነው።

ስለቱ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ የማጠፊያው ብሎን ላልቷል። ብዙዎቹ ባለ ኮከብ ካቻቢቴ፣ ቲ6 ወይም ቲ8፣ ይፈልጋሉ፤ የሞባይል ጥገና ቤቶች ጋ አይጠፋም። በማይገጥም ካቻቢቴ መታገል የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ ከዚያ በፒንሳም አይወጣም። የሚጠብቀው በአንዴ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ነው፤ እየጠበቀ ይሞከራል። ደጋግሞ የሚላላ ከሆነ ብሎኑ ወጥቶ በአልኮል ይጸዳና ጥርሱ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ሎክታይት፣ ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ፣ ይደረጋል፤ ከሌለ የጥፍር ቀለምም ይሠራል። ቀዩን ሎክታይት መተው ነው፤ ካልጋለ አይፈታም። አንድ ቀን ሳይነካ ይደር።

ስለቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተበላው መቆለፊያው ነው፣ ብሎን ማጥበቅ አያድነውም። ምላሷ አዲስ ሳለች ከስለቱ ሥር በአንድ ጠርዝ ብቻ ትቀመጣለች፤ እየተበላች ስትሄድ ወደ ማዶው ትሸጋገራለች። የማዶውን ግድግዳ ከነካች ጊዜዋ አልቋል። ለማረጋገጥ፣ ጣት ከስለቱ መታጠፊያ መንገድ ርቆ፣ የስለቱ ጀርባ በጣውላ ላይ ቀስ ተደርጎ ይመታል። ከታጠፈ ያ ሰንጢ ከእጅ ይውጣ።

መቆለፊያን እንዲህ ቶሎ የሚያደክመው መቁረጥ አይደለም፤ መፈልቀቅና መምታት ነው። ከፎርምወርክ ጣውላ ሚስማር መንቀል፣ የቀለም ቆርቆሮ መክፈት፣ የስለቱን ጀርባ በመዶሻ እየመቱ እንጨት መፍለጥ፦ ሦስቱም ኃይሉን የሚጥሉት በማጠፊያዋ ዘንግ ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ከእስክሪብቶ ውስጥ ቀፎ ብዙም አትወፍርም። ለዚህ ፌሮና መጥረቢያ አለ። በበዓል ቀንም በግ ለመግፈፍ የወጥ ቤት ቢላ ይሻላል፤ ስቡና ደሙ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይሸታል፣ ደሙ ጨው ስላለው በማግስቱ ዝገት ይጀምራል።

አፉ የተሰፋ የሲሚንቶም የማዳበሪያም ከረጢት ሲከፈት ስለቱ ይዘቱን እንዳይነካ የተሰፋበትን ክር ብቻ በጥሶ መጎተት ይበቃል። ከረጢቱን በሆዱ የሚተረትር ሰው ማታ ማታ ሲስል ያመሻል።

ለመሳል የመኪና ቀለም የሚቀቡ ጋራዦች የሚጠቀሙበት ውኃ የማይፈራ ብርጭቆ ወረቀት፣ 400 እና 1000 ቁጥር፣ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ተወጥሮ እንደ ጥሩ ሞረድ ያገለግላል። ልኩን ለመያዝ የወረቀት ማዕዘን ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፦ 90 ዲግሪው 45፣ ቀጥሎ 22 ተኩል ይሆናል፤ ለወፍራም ሰንጢ የሚስማማው እዚያው አካባቢ ነው። ስለቱ በጀርባው እየቀደመ ይጎተታል፤ በስለቱ ከቀደመ ወረቀቱን ይቀደዋል። በአንድ ጎን ተስሎ በሌላው ጎን ጥፍር የሚይዝ ሻካራ ጠርዝ ሲወጣ ይገለበጣል። ያ ሻካራ ከሁለቱም ጎን ከወጣ በኋላ በ1000 ቁጥሩ በቀላል እጅ፣ በመጨረሻም በቆዳ ቀበቶ ጀርባ አሥር አሥር ጊዜ ይጠረጋል። በየቀኑ ለማነቃቃት የሲኒ ቂጥ፣ ያ ያልተቀባው ሻካራ ቀለበት፣ ይበቃል።

ብየዳ ቤት ወስዶ በግራይንደር ማሳል ግን ስለቱን መግደል ነው። ቀጭኑ ጠርዝ በሰከንዶች ይግላል፤ ሰማያዊ ከሆነ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፣ ብረቱ ለስልሷል። ሰማያዊው ክፍል ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይይዝም።

ከሰኔ እስከ መስከረም «የማይዝግ» የተባለውም ይዝጋል። ዲ2 የሚባለው ብረት 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም ቢኖረውም ርጥብ ኪስ ውስጥ ካደረ ነጠብጣብ ያወጣል። ማታ ደርቆ፣ ስስ ዘይት ተቀብቶ፣ ከቆዳ ሰገባው ውጪ ይደር፤ ቆዳ ርጥበት ይይዛል።

መቆለፊያው ያለቀበት ሰንጢ ስለቱ ደህና ከሆነ አይጣልም። ተፈቶ በተሰነጠቀ የወይራ እጀታ መካከል ይገባና፣ በማጠፊያው ቀዳዳ አንድ፣ በጭራው በኩል ሌላ ሚስማር ተመትቶ ይረገጣል። አይታጠፍም፣ ግን ለድርቆሹ ሲባጎ ይሆናል።