የጤፍ መጋዘን መዝገብ በሞንጉስና በታይፕስክሪፕት እንዴት ይሰራል

ብቸና ወይ ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍ የሚረከብ መጋዘን አለ እንበል፣ ገበሬው ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ስም፣ ስልክ፣ የጤፉ ዓይነት፣ ስንት ኩንታል፣ በስንት ብር እየተባለ ይመዘገባል። ይሄን ሞንጎዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ላይ ዝም ብላችሁ ከከተታችሁት ሞንጎ የሰጣችሁትን ሁሉ ይቀበላል፣ አንዱ ጸሐፊ 5 ሌላው «5 ኩንታል» ብሎ ቢያስገባ ግድ የለውም። ጉዱ የሚወጣው ወር መጨረሻ ላይ ሲደመር ነው፣ የሞንጎ ድምር ቁጥር ያልሆነውን ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ ስለዚህ ኤረር ሳይኖር ድምሩ ይጎድላል። ኤረር ቢሰጥ በስንት ጣዕሙ! ሞንጉስ (የሚገባውን መዝገብ እየፈተሸ ወደ ሞንጎ የሚያስገባ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ታይፕስክሪፕት ደግሞ ጃቫስክሪፕት ላይ ታይፕ (ይሄ ቁጥር ነው፣ ያ ጽሑፍ ነው የሚል) የሚጨምር ቋንቋ ነው።

ኔት ሲኖር ኖድን (ጃቫስክሪፕትን ያለ ብራውዘር የሚያሮጠውን)፣ ሞንጎዲቢ ኮሚዩኒቲን፣ ከዛ በኤንፒኤም (ከኖድ ጋር በሚመጣው ፓኬጅ መጫኛ) ታይፕስክሪፕትና ሞንጉስን ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑ፣ ከዛ በኋላ ኔት ቢጠፋም ስራ አይቆምም። የሞንጉስ ታይፕ የሚባል ሌላ ፓኬጅ ጫኑ የሚል የድሮ ቲቶሪያል ካጋጠማችሁ እለፉት፣ ከ5.11 ጀምሮ ታይፑ አብሮ ይመጣል። የታይፕስክሪፕት ኮንፊግ ላይ ስትሪክትን (ጥብቅ ፍተሻን) አብሩ፣ ያለሱ ታይፑ በትክክል አይወጣም። ከሞንጎው ጋር ስትገናኙ ደግሞ ሎካልሆስት ከምትሉ 127.0.0.1 በሉ፣ ፖርቱ 27017 ነው።

አሁን ስኪማው፣ መዝገቡ ምን ምን ፊልድ እንዳለውና እያንዳንዱ ምን መሆን እንዳለበት የሚናገረው። ስም ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ስልክም ስትሪንግ (ቁጥር ካረጋችሁት መነሻዋ ዜሮ ትጠፋለች)፣ ኩንታልና ዋጋ ነምበር ሆነው ከዜሮ እንዳያንሱ ሚን ይደረግላቸው፣ ቀን ዴት። ሁሉንም ሪኳየርድ አርጉ። ለዓይነት ደግሞ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ የሚል ዝርዝር አውጥታችሁ አስ ኮንስት (ዝርዝሩ አይቀየርም) ካላችሁት በኋላ ኢነም (ከዝርዝሩ ውጪ አይቀበልም የሚለው) ላይ ስጡት። ታይፑን ግን ለብቻው ኢንተርፌስ ብላችሁ አትጻፉ፣ ኢንፈር ስኪማ ታይፕ በሚባለው ከስኪማው አስወጡት፣ ሁለት ቦታ ከጻፋችሁት አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን ስትረሱ ሞንጉስ አይነግራችሁም።

የፊልድ ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ጃቫስክሪፕትም ሞንጎም አይከለክሉም፣ እኔ ደስ ይለኛል። ግን የኛ ፊደል ሞክሼ አለው'ኮ! አንዱ «ዓይነት» ሌላው «አይነት» ብሎ ይጽፋል፣ ለእኛ አንድ ነው ለሞንጎ ሁለት ፊልድ ነው፣ «ሰርገኛ» እና «ሠርገኛ»ም ለሞንጎ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እዚህ ላይ ነው ታይፑ የሚጠቅመው፣ ቪኤስ ኮድ ወዲያው በቀይ ያሰምርበታል። ብቻ ዳታውን ክሬኤት (መዝገብ የሚያስገባው የሞንጉስ ትዕዛዝ) ውስጥ በቀጥታ አትጻፉት፣ መጀመሪያ ታይፑ የተጻፈለት ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጡት፣ ክሬኤት እንደ ቨርዥኑ ልል ሊሆን ስለሚችል ትርፍ ፊልድ ያሳልፋል።

ታይፕስክሪፕት የሚጠብቃችሁ ኮድ ስትጽፉ ብቻ ነው፣ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ታይፑ የለም። ከፎርም የመጣውን የሚፈትሸው ስኪማው ነው፦ «5» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ «5 ኩንታል» ከመጣ ካስት ኤረር (መቀየር አልቻልኩም የሚል) ይሰጣል። ስኪማው ላይ የሌለ ፊልድ ከመጣ ግን በነባሪ ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ መጮህ ከፈለጋችሁ የስኪማው ኦፕሽን ላይ ስትሪክትን (ከታይፕስክሪፕቱ ስትሪክት ሌላ ነው) «ስሮው» በሉት። አፕዴት ስታረጉ ሚንና ኢነም በራሳቸው አይፈተሹም፣ ራን ቫሊዴተርስ የሚባለውን ኦፕሽን ትሩ ማለት አለባችሁ፣ ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ዩኒክም (እንዳይደገም የሚለው) ፈታሽ አይደለም፣ ኢንዴክስ ነው የሚሰራው።

ስታነቡ ፋይንድ ዋን (አንድ መዝገብ ፈልጎ የሚያመጣው) ባዶ ሊመልስ ስለሚችል ኢፍ አስገቡ፣ የታይፕስክሪፕቱ ስትሪክት ከበራ ራሱ ያስገድዳችኋል። ለሪፖርት ብቻ ከሆነ ሊን (መዝገቡን ተራ የጃቫስክሪፕት ኦብጀክት አርጎ የሚመልሰው) ጨምሩ፣ ይቀላል። አግሪጌት (እንደ ወሩ ድምር ያለ ስሌት የሚሰራው) ግን ሌላ ነው፣ ሞንጉስ የምትልኩትን ታይፕ አይቀይርላችሁም፣ የሚመልሰውም ታይፕ በነባሪ ኤኒ (ማንኛውም) ነው፣ ስለዚህ የውጤቱን ታይፕ ራሳችሁ ስጡት። ቀኑን በዴት አስቀምጡ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይሩት ስታሳዩ ብቻ ነው።

ከስኪማው በፊት የገባ መዝገብ ካለ ስኪማው ወደ ኋላ ሄዶ አያርመውም። $type በሚለው የሞንጎ ኦፕሬተር ኩንታላቸው ስትሪንግ የሆኑትን ፈልጋችሁ አውጡ፣ ከደረሰኙ ጋር እያያችሁ ወደ ቁጥር መልሷቸው፣ ያን ካደረጋችሁ በኋላ የወሩን ድምር እንደገና አስወጡ።