አራስ ጎረቤት ሲኖርሽ፦ ከጥየቃ አልፎ ሥራዋን በተራ ማንሳት

በትንሽ ከተማ ሴት ስትወልድ ወሬው ከአምቡላንሱ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። በማግስቱ ዳቦውና ስኳሩ ይከመራል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ቡና ይጠጣል። ሰው ሲበተን ግን ያልታጠበው ስኒ፣ ባዶው ጀሪካን፣ ያለቀው እንጀራና እናቱን ፍለጋ የሚነጫነጨው የፊተኛው ልጅ እዚያው ናቸው። ትንንሽ ልጆች ያሏትን አራስ ከስኳር ይልቅ የሚያሳርፋት ከእነዚህ አንዱን ጨርሶ ከእጇ የሚወስድላት ሰው ነው። ጥየቃው ይቅር አንልም፤ ወግ ነው፣ ደስም ያሰኛል። ከጎኑ ግን የሥራ ተራ ያስፈልገዋል። ተራው ደግሞ ከመውለዷ በፊት መያዝ አለበት።

ዘጠነኛው ወር ሲገባ

አምስት ወይም ስድስት ሴቶች በቂ ናችሁ። ከዚያ ሲበዛ ሁሉም «ሌላዋ ታደርገዋለች» ትላለች። ከአራት ሲያንስ ደግሞ የአንዷ ልጅ የታመመ ቀን ተራው ይፈርሳል። ስትመርጡ ከመዋደድ ይልቅ ቅርበትን አስቀድሙ፤ የሦስት ዓመት ልጅ በእግሩ የማይደርስበት ቤት ለዚህ ሥራ ሩቅ ነው። አንዷ ተራ ያዥ ትሁን፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደምትሠራ በአንድ ወረቀት ጽፋ ከአንድ ቀን በፊት ታስታውሳለች።

ነፍሰ ጡሯን «ምን ላግዝሽ?» ብለሽ አትጠይቂያት። ይሉኝታ አለና መልሷ «ኧረ ምንም፣ ተመስገን» ነው፤ አንቺም ጠይቀሽ እንደጨረስሽ ይሰማሻል። ሥራውን ስም ሰጥተሽ ቅረቢ፦ «ማክሰኞና ዓርብ እንጀራሽን እኔ እጋግራለሁ፣ ዱቄቱን ከቤትሽ እወስዳለሁ።» እንዲህ ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳታል። እህሉ ከራሷ ቤት መውጣቱ ነውር የለውም፤ የምትሰጪው ጉልበትሽን ነው። ደግሞም ኑሮ በከበደበት ጊዜ ከእህል ጋር ይሁን ከተባለ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተራው ይቆማል።

ከእሷ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥቂት ነገር ነው። ልታርሳት የምትመጣው እናቷ ናት ወይስ አማቷ? ስንት ቀን ትቆያለች? የማይስማማት ምግብ አለ? የፊተኛው ልጅ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ሽንቱን ይናገራል ወይስ ይጠየቃል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚረሳው ጥያቄ፦ ምጡ ሌሊት ቢመጣ ትልልቆቹ ልጆች ማን ጋ ያድራሉ? ባልየው አብሯት ጤና ጣቢያ ከሄደ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው አይቀርም። አንዲት ሴት ለይታችሁ ስልኳን ሌሊት እንዳትዘጋ ተነጋገሩ፤ የቤቱ ትርፍ ቁልፍም እሷ ጋ ይሁን። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ነፍሰ ጡሯ አስቀድማ የእናቶች ማቆያ ልትገባ ትችላለች፤ ያን ጊዜ የልጆቹ ተራ የሚጀምረው ከወሊዱ ቀድሞ ነው።

ተራው እንዴት ይደለደል

ሥራውን በአምስት ክፈሉት፦ እንጀራ፣ ወጥ፣ ውሃ፣ የልብስ አጠባና የፊተኛው ልጅ። ለእያንዳንዷ በሳምንት ሁለት ግዜ የሚደርስ አንድ ሥራ ስጧት፤ በአንድ ቀን ሁለት ሥራ የያዘች ሴት ቶሎ ትዝላለች።

እንጀራ ሊጡ ሦስት ቀን ያህል ስለሚቦካ በዕለቱ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ለምትጋግር ሴት ረቡዕ መንገር ነው። ወጥ ስትሠሪ ሁለት ቀን የሚቆይ ሽሮና ምስር ይሻላል፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን ዶሮ ቢያመጡ አንዱ ይበላሻል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የአራሷ ጀሪካኖች ፈረቃው በመጣ በመጀመሪያው ሰዓት ይሞሉ፤ ለቤቱ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁልጊዜ ሙሉ ይኑር። የሕፃኑን ጨርቅ ያጠበች ሴት ሳሙናው በደንብ እስኪለቅ አለቅልቃ ፀሐይ ላይ ታስጣው፤ ሳሙና የቀረበት ጨርቅ ሕፃኑን ያቆስለዋል።

በክርስቲያኑ ቤት እስከ 12ኛው ቀን ሰው አይጠፋም፤ ቤቱ ጭር የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን በመጀመሪያው ሳምንት አትጨርሱት። እናቷ ልታርሳት መጥታ ከሆነ እስከ 12ኛው ቀን ልጁንና ውሃውን ብቻ ያዙ። እናቷ ወደ ገጠር የምትመለስበትን ቀን ጠይቃችሁ ሙሉው ተራ ከዚያ ቀን ይጀምር፣ ቢያንስ እስከ 40ኛው ቀን ይዝለቅ። ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትናው በ80ኛው ቀን ከሆነ የኋለኛውን 40 ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ አድርጉት።

ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅሎ በሚኖርበት ሰፈር የሥጋ ነገር ቀላል መፍትሔ አለው። ለሌላ እምነት ጎረቤት ዕንቁላል፣ ወተት፣ ማር፣ አጃ ውሰጂ፤ ምግብ ከሠራሽ በእሷ ዕቃ፣ በእሷ ወጥ ቤት ሥሪላት። ልጇን ስትቀበዪም ምን እንደምታበዪው ቀድመሽ ንገሪያት።

አጥሚትና ገንፎ

ለአጥሚት 1 ሊትር ውሃ አፍዪ። አምስት ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ እጅሽን ሳታቋርጪ አማስዪ። ዱቄቱ በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከተበተነ ይጓጉላል፤ የጓጎለ ደግሞ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በለስላሳ እሳት 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት ጨምረሽ አንድ ጊዜ ይፍላ፣ ካወረድሽ በኋላ ማርና ትንሽ ቅቤ። ሲቀመጥ ስለሚወፍር ፔርሙዝ ውስጥ የሚገባው ቀጠን ያለ ይሁን። ጠዋት የተሠራው በዚያው ቀን ይጠጣ፣ አይደር።

ለገንፎ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ከጥቂት ጨው ጋር አፍልተሽ አንዱን ብርጭቆ የፈላ ውሃ ቀንሰሽ አስቀምጪ። በቀረው ላይ ሁለት ብርጭቆ የገብስ ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርሽ በኃይል አማስዪ። ሲጠነክር ከቀነስሽው ውሃ እየመለስሽ እሺው። ከድነሽ በጣም ለስላሳ እሳት ላይ 15 ደቂቃ፣ መሐል ላይ አንዴ አገላብጪው። ዱቄት ዱቄት ከሸተተ አልበሰለም። ለአራሷ ቅቤው ይኑር፣ በርበሬው ይቀነስ፤ በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት ታይቶባት ከሆነ ጨውንም ቀንሺ፣ ስኳር ከነበረባት ማሩን ተዪው።

አጥሚት ብርታት ይሰጣል፣ ፈሳሽም ይተካል። ወተቱን የሚያመጣው ግን ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው፣ በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። «ወተቷ አልበቃም» ብለሽ ለሕፃኑ ውሃ በስኳር፣ ቅቤ ወይም ጤና አዳም በአፉ አታድርጊለት። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ሆዱ በሌላ ነገር ሲሞላ መጥባቱ ይቀንሳል፣ መጥባቱ ሲቀንስ ወተቱም ይቀንሳል።

የፊተኛውን ልጅ መውሰድ

ከሁሉም እርዳታ የሚበልጠው ይህ ነው፣ ከሁሉም ቶሎ የሚበላሸውም ይኸው ነው። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ3 እስከ 6 ነው፤ ሕፃኑ ጠብቶ ሲተኛ እናቲቱም አብራ ትተኛለች። ቀኑን ሙሉ አታቆዪው። ሲነጋ ወስደሽ ሲመሽ የምትመልሺው ልጅ ሕፃኑ መጥቶ እሱ የተባረረ ይመስለዋል። ከመውለዷ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ እናቱ በሌለችበት አንድ አንድ ሰዓት አንቺ ጋ ቢውል፣ ቤትሽ እንግዳ አይሆንበትም። የራሱን ኩባያ ወይም የሚያቅፈውን ነጠላ ይዞ ይምጣ።

የራስሽን ጨምሮ ከአራት ልጅ በላይ አትቀበዪ፤ ከሦስት ዓመት በታች የሆኑት ደግሞ ከሁለት አይብለጡ። ሁለቱ ሕፃናት በተለያየ አቅጣጫ ከሮጡ ሦስተኛውን የሚያይ የለም። ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ግቢሽን ተንበርክከሽ በእነሱ ቁመት እዪው። ውሃ ያለበት ባልዲ ክዳን ይኑረው ወይም ይደፋ፤ ገና መሄድ የጀመረ ልጅ በጭንቅላቱ ከተዘፈቀ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። በረኪናና ጋዝ በውሃ ፕላስቲክ አይቀመጥ፤ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው። በሩ ወደ ባጃጅ መንገድ የሚከፈት ከሆነ መቀርቀሪያው ከላይ ይሁን። ቡና ደግሞ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ። ረከቦቱ መሬት ላይ ነው፣ ጀበናው የልጅ እጅ ቁመት ላይ ነው፤ ተረኛ በሆንሽበት ሰዓት ከሰል አታቀጣጥዪ።

ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚወሰድ ከሆነ ማን እንደምትወስደው አባቱ ራሱ ለመምህሯ በስም ይንገራት፤ ተረኛ በተቀየረች ቁጥርም እንዲሁ።

ታናሽ ሲመጣ ሽንቱን መናገር የለመደ ልጅ እንደገና አልጋ ላይ ሊሸና፣ ጡጦ ሊጠይቅ፣ ሕፃኑን ሊቆነጥጥ ይችላል። አትሳቂበት፣ አትቆጪው። «ከእንግዲህ እናትህ የሱ ናት» እያሉ መቀለድ በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ልጁ ግን ቀልዱን አይሰማም፣ ቃሉን ያምናል። ትንሽ ሥራ ስጪው፦ ጨርቅ ያቀብል፣ መብራት ያጥፋ። ወደ ቤቱ ስትመልሺው እናቱ ሕፃኑን አስቀምጣ አሥር ደቂቃ እሱን ብቻ ብታቅፈው፣ የቀረው ቀን ሰላም ይውላል።

አባቱም ድርሻ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ስትወልድ ሦስት ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ እንግዳ በማስተናገድ እንዳያልቅ ትልልቆቹን ልጆች በሌሊት እሱ ያስተኛ። የልደት ምዝገባውንም 90 ቀን ሳይሞላ እሱ ያስፈጽም።

እንግዳና የአራስ ቤት

እንግዳው ሲበዛ አራሷ ራሷ ተነስታ ቡና ታፈላለች። ስለዚህ ተረኛዋ በር ላይ ትሁን፣ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ጥየቃው ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ። ጉንፋን የያዘው ሰው ከደጅ ይጠይቅ። ሕፃኑን የሚያቅፍ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ከንፈሩን ግን አይሳመው።

ብርድ ይመታታል ተብሎ ከሰል ያለበት ምድጃ ዘግቶ ማሳደር አደገኛ ነው። ጭሱ ቢጠፋም መርዛማው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ እናትና ልጅ በእንቅልፋቸው እንዳሉ ይገድላል። ሙቀት ከፈለጋችሁ ከሰሉን ደጅ አስቀሩና ብርድ ልብስ ጨምሩ፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ መሸፈን ከማንኛውም ምድጃ ይሻላል። እትብቱ ላይ ቅቤም ሌላም ነገር አይቀባ፤ ጤና ጣቢያ የሰጠው ቅባት ካለ እሱ ብቻ።

ተረኛዋ ሐኪም አይደለችም፣ ግን በየቀኑ የምታያት እሷ ናት። እነዚህን ካየሽ «እስኪነጋ» አትበዪ፦ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያረጥብ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ዓይንን ከማደብዘዝ ጋር የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም። በሕፃኑ ደግሞ አልጠባም ማለት፣ መቃጠል ወይም መቀዝቀዝ፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የእትብቱ ዙሪያ መቅላት፣ መዳፍና ውስጥ እግር ድረስ ቢጫ መሆን። በ3ኛውና በ7ኛው ቀን፣ ከዚያም በ6ኛው ሳምንት ምርመራ አላት፤ ልጁን የሚይዝላት ሰው ስለሌለ ብቻ እንዳይቀር ያ ቀን ተራ ላይ ይጻፍ። የ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ ክትባትም አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና ሆድ መባስ ብዙ እናት ላይ ይታያል። ሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍ ካጣች፣ ለልጁ ስሜት ከሌላት፣ ወይም በየትኛውም ቀን «ባልኖር ይሻላል» ካለች ቅብጠት አይደለም፤ ብቻዋን ሳትተዪ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ሂጂ።

ገመና፣ ውለታና ዕቁብ

የሰው ጓዳ የገባ ብዙ ያያል፦ ባዶ ሌማት፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ ያልታጠበ ልብስ። በቡና ላይ አንድ ጊዜ ከወጣ አራሷ በሯን ትዘጋለች፣ ተራውም በዚያው ያከትማል። ይህን ተራው ሲያዝ በግልጽ ተነጋገሩት። መልሶ ማገዙም ከወለዱት መሐል ብቻ አይቆጠር፤ መውለድ ያበቃች ሴት በታመመች ጊዜ ወይም ሐዘን በደረሰባት ጊዜ ተራው ለእሷ ይዙር።

ዕቁብ ካላችሁ ለአራሷ ገንዘብ ከማዋጣት ይልቅ ዕጣዋን አስቀድሙላት። የወሩ ዕጣ የደረሳት ሴት ፈቃደኛ ከሆነች ዳኛዋ ትቀያይራቸዋለች። ማንም አይከስርም፣ እሷም የክርስትናውን ወጪ ሳትበደር ትወጣዋለች። ይህ ከምጡ በፊት ካልተነገረ ግን ዕጣ የደረሳት ሴት ገንዘቡን በልቧ ጨርሳዋለች፣ ቅያሬውም ጠብ ያስነሳል።

ክርስትናው ማለዳ ስለሆነ ሁለት ሴቶች በዋዜማው እዚያው ይደሩ፤ አንዷ ትልልቆቹን ልጆች ታለብሳለች፣ ሌላዋ ቤት ቀርታ ዳቦውንና ቡናውን ታሰናዳለች። በነጋታው ዕቃ ይመለሳል። 40 ቀን ሙሉ ሳህን፣ ፔርሙዝና ድስት ከስድስት ቤት ስለገባ የማን የማን እንደሆነ ይጠፋል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዷ በዕቃዋ እጀታ ላይ የራሷን ቀለም ክር ብታስር በአንድ ሰዓት ይለያል።