ፕላትሌቱ ሠርቷል ወይ? መጀመሪያ ደሙን እዩ

ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) ተሰጠ፣ ቆጠራው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ8,000 ወደ 32,000 ወጣ፣ ሁላችንም ደስ አለን። ታካሚው ግን አሁንም ይነስረዋል። ታዲያ ሠርቷል ይባላል? እኔ አይባልም ባይ ነኝ። ለሚደማ ሰው ፕላትሌት የምንሰጠው ደሙ እንዲቆም እንጂ ቁጥሩ እንዲያምር አይደለም።

ስለዚህ ከረጢቱ ከመሰቀሉ በፊት የደሙን ሁኔታ ጻፉ። «ነስር አለው» ብቻ አይበቃም። ስንት ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) ራሰ? ሽንቱ ቀልቷል? ሰገራው ጠቁሯል? ድዱስ፣ ቆዳው ላይ አዲስ ቀይ ነጠብጣብስ? የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 4 ደረጃ መለኪያ አለ፦ 1 እንደ ነጠብጣብ ያለ ቀላል መድማት ነው፣ 2 በግልጽ የሚታይ ግን ቀይ ደም መስጠት የማያስፈልገው፣ 3 ደም መስጠት የሚያስገድድ፣ 4 እንደ አንጎል ውስጥ መድማት ያለ ሕይወትን የሚያሰጋ። ጠቃሚ ነው፤ ግን ሸካራ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ደሙ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ደረጃው ላይቀየር ይችላል፣ ለዚህ ነው የጋዙን ቁጥር የምወደው። ከተቻለ በፊትም በኋላም ያው ሰው ይመልከት።

ቀጥሎ ቆጠራው። ልክ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ናሙና፣ ካለቀ ከ10 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ሌላ፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ሦስተኛ። ፕላትሌቱ ከገባበት መስመር ናሙና አትቅዱ።

ትልቅ ሰውና ትንሽ ሰው እኩል ስለማይጨምሩ ጭማሪውን በሰውነት ስፋት (በካሬ ሜትር) አባዙና በተሰጠው ፕላትሌት መጠን አካፍሉት፤ መጠኑ በመቶ ቢሊዮን ይቆጠራል። ታካሚያችን 1.8 ካሬ ሜትር ቢሆንና 400 ቢሊዮን ፕላትሌት ቢወስድ፣ 24,000 ሲባዛ በ1.8 ሲካፈል ለ4፣ 10,800 ይመጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ7,500 በላይ ጥሩ ነው። በ24 ሰዓት ከ4,500 በላይ እንፈልጋለን።

የአንድ ሰዓቱ ጥሩ ሆኖ የ24ቱ ከወረደ ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን ወይም የሚያልቅበት ሌላ ምክንያት አስቡ። የአንድ ሰዓቱም ዝቅ ካለ ትልቅ ጣፊያ ወይም ፕላትሌቱን የሚያጠቃ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ይጠረጠራል። ግን በአንድ ጊዜ ውጤት አትፍረዱ፣ በተከታታይ ሁለቴ ዝቅ ሲል ነው አንቲቦዲ መመርመርና ተስማሚ ለጋሽ መፈለግ የሚገባው።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የሚደማ ሰው የተሰጠውን ፕላትሌት ቁስሉ ላይ ይጠቀምበታል፣ ከደሙ ጋርም ያፈሰዋል፣ በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽም ያቀጥነዋል። ስለዚህ ደሙ ቆሞ ቁጥሩ ዝቅ ቢል «አልሠራም» ብላችሁ አትጻፉ። በተቃራኒው ቁጥሩ ከ50,000 አልፎ ደሙ ካልቆመ፣ ሌላ ከረጢት ከማዘዛችሁ በፊት አስፕሪን ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ኩላሊቱንና ፋይብሪኖጅኑን (ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን) እዩ፣ የተቀደደ የደም ሥር እንዳለም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይመልከተው።