አኳሪየም ስትሞሉ ተክሉ እንዳይነቀል

ውሃ ስትሞሉ አሸዋው ይደፈርሳል፣ የተከላችሁት ሁሉ ተነቅሎ ይንሳፈፋል? መላው አንድ ንጹህ ፌስታልና አንድ የሲኒ ማስቀመጫ ነው። (የበረካው ቡና እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ከዚያ በፊት ከረከቦቱ ላይ ብታነሱ ጠብ ነው።)

ቀድማችሁ ውሃ አትሙሉ። በደንብ የታጠበ አሸዋ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉና እስኪረጥብ ብቻ ውሃ ጨምሩበት። የተክሉን የታችኛ ቅጠሎች ቀንጥሱ፤ ግንዱን በወረንጦ ይዛችሁ ጋደል አድርጋችሁ አስገቡት። ቀጥ ብሎ የገባ ቶሎ ያመልጣል፤ ግንዱ ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይ ይገፋዋላ።

አሁን ፌስታሉን ላዩ ላይ ዘርጉ፣ የሲኒ ማስቀመጫውን አስቀምጡ፣ ውሃውን በጆግ እሱ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። የውሃው ኃይል እዚያው ይበተናል፣ አሸዋው አይነካም። ሲሞላ ሁለቱንም ቀስ ብላችሁ አውጡ።

አሸዋው የወንዝ ከሆነ ደረቅ እያለ አቸቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ ነገር አለው፤ አትጠቀሙበት።

እንደ አኑቢያስ ያለ ወፍራም አግዳሚ ግንድ ያለውን ግን አትቅበሩት፣ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ በክር እሰሩት።

ዓሣውን በዚያው ቀን አትጨምሩ። ደሴ ላላችሁ ደግሞ፣ ብዙዎቹ የቆላ ዓሦች 25 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈልጉ ማሞቂያ ግድ ነው።